ናፖሊ እያደሩ ውሎ ገብ፦ የደቡብ ጣሊያንን ባሕር ዳርቻ በስድስት ቀን ለማየት

ነሐሴ ላይ እማዬ ከአዲስ አበባ መጣችና ናፖሊ ይዣት ሄድኩ። ስድስት ቀን ነበረን። ከዚያ በፊት ብቻዬን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በየሁለት ቀኑ ሆቴል እየቀየርኩ፣ ሻንጣ እየጎተትኩ፣ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ለመድረስ ስሮጥ አንዱንም በቅጡ ሳላየው ተመለስኩ። ከእማዬ ጋር እንደዚያ መሮጥ አይታሰብም፤ ጉልበቷ ያስቸግራታል። ስለዚህ አንድ ቤት ተከራይተን፣ ጠዋት ወጥተን ማታ እየገባን፣ በቀን አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ተስማማን። ከሦስቱ ጉዞዎቼ ብዙ ያየሁት በዚህኛው ነው።

ጀርመን፣ ስዊድን ወይም እንግሊዝ ሆናችሁ የሳምንት እረፍት ለምታስቡ፣ ሮም ዘመድ ልትጠይቁ መጥታችሁ "እግረ መንገዴን ባሕር ልይ" ለምትሉ፣ ወላጅ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ለምትጓዙ ይሄ አካሄድ ይሠራል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ደረጃ 1፦ ማደሪያችሁን ናፖሊ አድርጉ

ብዙ ሰው ሶሬንቶ ወይም አማልፊ የሚባሉት የባሕር ዳር ከተሞች ያድራል። ሁለቱም ያምራሉ። ግን ውድ ናቸው፣ ከእነሱ ተነስቶ ሌላ ቦታ መድረስም ጊዜ ይበላል። ናፖሊ ባቡሩም ጀልባውም የሚነሳባት ከተማ ናት። ከሮም በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በአውሮፕላን ከመጣችሁ ደግሞ አሊቡስ የሚባለው አውቶቡስ ከኤርፖርት ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያም ወደቡ ድረስ ይወስዳችኋል።

ቤት ስትፈልጉ ሙኒቺፒዮ ወይም ቶሌዶ የሚባሉት የሜትሮ ፌርማታዎች አካባቢ ፈልጉ። ከሙኒቺፒዮ የጀልባዎቹ መነሻ ሞሎ ቤቬሬሎ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ወደ ሌላው አቅጣጫ ደግሞ በሜትሮ መስመር 1 ሦስት ፌርማታ ሄዳችሁ ጋሪባልዲ ባቡር ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ባሕርም ባቡርም በእጃችሁ ነው ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሕንፃው አሳንሰር አለው ወይ? የድሮዎቹ የናፖሊ ቤቶች ፎቃቸው ረጅም፣ ደረጃቸው ዳገት ነው። ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ ውላችሁ ማታ አራተኛ ፎቅ በእግር መውጣት ከባድ ነው።

ፌርማታ ካልኩ አይቀር፣ እማዬ የመጀመሪያ ቀን ሜትሮ ውስጥ "ፕሮሲማ ፌርማታ" የሚለውን ድምፅ ሰምታ ዞር ብላ አየችኝ። "ፌርማታ አለ እኮ፤ አማርኛ ነው እንዴ?" አለች። የእነሱ ቃል መሆኑን ስነግራት ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ቃል መልቀም ሆነ። ባንኮኒ፣ ፍሬን፣ ጄሶ። ስድስቱንም ቀን ስትለቅም ከረመች።

ደረጃ 2፦ ወሩን ምረጡ፤ ነሐሴ ከሆነም ቀኑን ቁረጡት

የሚሻለው ሜይ፣ የጁን መጀመሪያና ሴፕቴምበር ነው። ባሕሩም ብዙ አይቀዘቅዝም፣ ፀሐዩም አይገድልም። እኛ በነሐሴ የሄድነው የእማዬ ቪዛ ለዚያ ጊዜ ስለወጣ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቅ በዓላቸው ነው፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ባሕር ዳርው ደግሞ ይጨናነቃል።

በሙቀት ወር ከሄዳችሁ ቀኑን ለሁለት ቁረጡት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከድንጋይና ከፀሐይ ራቁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኙ ወይም ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት የከተማው ነው። የናፖሊ ሰው ራሱ እንደዚያ ነው የሚኖረው።

ደረጃ 3፦ የማይነቃነቀውንና የሚነቃነቀውን ቀን ለዩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። አንዳንዱ ጉዞ ትኬቱ ከተገዛ በኋላ ቀኑ አይለወጥም። አንዳንዱ ደግሞ ባሕሩና ነፋሱ የሚወስኑት ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ገንዘባችሁም ቀናችሁም ይባክናል።

የማይነቃነቁት በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው ጥንታዊ ከተማ ፖምፔይና የቀበራት ተራራ ቬሱቪየስ ናቸው። ፖምፔይ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አያስገባም፤ ትኬቱም በስም ነው። ስለዚህ ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፣ ስሙን ልክ እንደ ፓስፖርታችሁ ጻፉ፣ መታወቂያም ያዙ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ ግን ግፊያውን አስቡት። የቬሱቪየስ ትኬት ደግሞ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚሸጠው። ተራራው ላይ ደርሳችሁ "እዚሁ ልክፈል" ብትሉ አይሆንም።

የሚነቃነቁት የደሴትና የጀልባ ቀኖች ናቸው። ነፋስ ከተነሳ ፈጣኖቹ ጀልባዎች ይሰረዛሉ። ስለዚህ የባሕር ቀናችሁን ክፍት ተዉት፣ የነፋሱን ትንበያ ሁለት ቀን ቀድማችሁ እዩ፣ ባሕሩ የተኛበትን ቀን ያዙ።

አንድ ቃል ደግሞ ልመዱ፦ ሾፔሮ። የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ የትራንስፖርት አድማ ቀድሞ ይነገራል፣ ብዙ ጊዜም ዓርብ ላይ ይውላል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቤት ያከራያችሁን ሰው "ዶማኒ ሾፔሮ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነገ አድማ አለ ወይ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ውሎ፦ ፖምፔይ

የምትሳፈሩት ቺርኩምቬዙቪያና የሚባለውን ባቡር ነው። ከጋሪባልዲ ጣቢያ ምድር ቤት ይነሳል ይባላል፤ እውነተኛ መነሻው ግን ፖርታ ኖላና ነው፣ ከጋሪባልዲ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል። ከመነሻው ከተሳፈራችሁ ወንበር ታገኛላችሁ። ከጋሪባልዲ ከተሳፈራችሁ ቆማችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ ለትልቅ ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው። ባቡሩ አሮጌ ነው፣ ይሞቃል፣ ይጨናነቃል። ቦርሳችሁን ከፊታችሁ አንጠልጥሉ፣ ስልካችሁን ከኋላ ኪስ አውጡ።

የሶሬንቶን መስመር ያዙና "ፖምፔይ ስካቪ፣ ቪላ ዴይ ሚስቴሪ" የሚለው ላይ ውረዱ። ስካቪ ቁፋሮ ማለት ነው። ፖምፔይ የሚል ስም ያላቸው ሌሎች ጣቢያዎች አሉ፤ በስሕተት እነሱ ላይ ከወረዳችሁ በፀሐይ ትንከራተታላችሁ። ከትክክለኛው ጣቢያ ፖርታ ማሪና የሚባለው በር እዚያው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል፤ ትኬቱ ላይ 9:00 ተብሎ ታዩታላችሁ። ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም፤ በሩ ላይ አስቀማጭ አለ።

ከተማዋ 66 ሄክታር ያህል ናት፣ አንድ ሦስተኛዋ ገና አልተቆፈረም። "ሁሉን ልይ" ካላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንጋይ ሁሉ አንድ ይሆንባችኋል። እኔ የምመክረው ይህን መንገድ ነው፦ ከፖርታ ማሪና ወደ ፎሩም (የከተማዋ ዋና አደባባይ)፣ ከዚያ ቪያ ዴላቦንዳንዛ በሚባለው ዋና ጎዳና ወደ ምሥራቅ፣ መንገድ ላይ ስታቢያ መታጠቢያ ቤቱን፣ አንድ ዳቦ ቤትና አንድ ምግብ መሸጫ አይታችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሸሹት ሰዎች አትክልት ቦታና አምፊቲያትሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በአምፊቲያትሩ በር ትወጣላችሁ፣ ወደ ኋላ መመለስም አያስፈልግም። ውኃ አትሸከሙ። ባዶ ኮዳ ያዙ፣ በየመንገዱ ቧንቧ አለ። መንገዱ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሰንደል ጫማ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከሰው ወገብ በላይ የሚደርሱ ወፍጮዎች ቆመዋል። ከላቫ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፣ አህያ ወይም ባሪያ ነበር የሚያዞራቸው። አጠገባቸው ምድጃው አለ። እማዬ ብዙ ቆመች እዚያ። ጎዳናው ላይ ደግሞ ፊት የተቀረጸባቸው የድንጋይ የውኃ ገንዳዎች አሉ። ውኃ የሚቀዳ ሰው ጎንበስ ሲል እጁን የሚያሳርፍበት ጠርዝ ተበልቶ ጎድጉዷል። ከአፍ ዳርው ግራና ቀኝ፣ ልክ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። እማዬ መዳፏን አሳረፈችበትና "ገጠመ" አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለችም።

ቬሱቪየስ በ79 ሲፈነዳ ከተማዋን የቀበራት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ነው። ሰዎቹ አመዱ ውስጥ ሞቱ፣ አካላቸው በስብሶ ቦታው ባዶ ቀረ። በ1863 ጁዜፔ ፊዮሬሊ የሚባለው የቁፋሮው ኃላፊ በባዶው ቦታ ጄሶ አፍስሶ የሰዎቹን ቅርጽ አወጣ። የሸሹት ሰዎች አትክልት ቦታ የሚባለው ጋ 13 ሰው ተጋድሞ ታያላችሁ። ልጆች ከያዛችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሐውልት መስሏቸው ከቀረቡ በኋላ መስማት ከባድ ነው።

የፖምፔይ ምርጥ ሥዕልና ሞዛይክ ያለው ግን ፖምፔይ ውስጥ ሳይሆን ናፖሊ ብሔራዊ አርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው። ማክሰኞ ይዘጋል። በሙቀቱ የቀን ሰዓት ለመሸሸግ ከዚያ የተሻለ ቤት የለም።

ሁለተኛው ውሎ፦ ኤርኮላኖ፣ ጉልበት ያለው ቬሱቪየስን ይጨምር

ኤርኮላኖ፣ ቬሱቪየስ ከፖምፔይ ጋር የቀበራት የድሮዋ ከተማ ሄርኩላኒየም ናት። ያው ባቡር፣ ያው መስመር፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ከጣቢያው ቀጥ ብላችሁ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ትሄዳላችሁ። ከፖምፔይ በጣም ታንሳለች፤ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። እዚህ የደረሰው ግለት እንጨቱን ከሰል አድርጎ ስላስቀረው በር፣ ጣሪያ፣ አልጋ ሳይቀር አለ። ድሮ ባሕር ዳር በነበረው ቦታ የጀልባ መጋዘኖቹ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጋ የሰው አፅም ተገኝቷል፤ በጀልባ ለማምለጥ የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ለአንድ ቀን ብቻ ጊዜ ያለው፣ በተለይ ትልቅ ሰው የያዘ፣ ከፖምፔይ ይልቅ ኤርኮላኖን ቢመርጥ አይቆጨውም።

ቬሱቪየስ 1,281 ሜትር ነው። ከኤርኮላኖ ጣቢያ አውቶቡስ ወደ 1,000 ሜትር ያደርሳችኋል፣ የቀረውን በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ትወጣላችሁ። መንገዱ አቧራና ጠጠር ነው፣ ጥላ የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1944 ነው። የትኬቱን ኮድ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ላይ ኔትወርክ ያስቸግራል። ፖምፔይና ቬሱቪየስን በአንድ ቀን የሚሸጡ አስጎብኚዎች አሉ። በሙቀቱ ወራት አይመከርም።

ምግብ፣ በተለይ ለጿሚ

የሄድነው በፍልሰታ ነበር፤ እማዬ ትጾማለች። ፈርቼ ነበር። ያለ ምክንያት ነው የፈራሁት። ማሪናራ የምትባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ናት፤ አይብ የላትም። የናፖሊ ፒዛ ሊጥ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ከሁሉም ርካሿ እሷ ናት። ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ ስታዙ "ሴንሳ ፎርማጆ" በሉ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ፓስታ ኤ ቼቺ ሽምብራ በፓስታ ነው፤ ሥጋ እንዳልገባበት ጠይቁ።

ማኪያቶ ብላችሁ ብታዙ አዲስ አበባ የለመዳችሁት አይመጣም። አንድ ጉንጭ ጥቁር ቡና ላይ ጠብታ ወተት ነው። ወተቱን ከወደዳችሁ ካፑቺኖ በሉ። ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል።

የባሕር ቀን፦ ካፕሪ ወይስ ፕሮቺዳ?

ካፕሪ ስሟ የገነነ ነው። ከሞሎ ቤቬሬሎ በፈጣን ጀልባ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው። የመጀመሪያውን ጀልባ ያዙ፤ ከረፋድ በኋላ ደሴቷ በሰው ትሞላለች። የመመለሻውን ትኬት ጠዋት አብራችሁ ግዙ። ማታ የሚመለሰው ጀልባ ሞልቶ ወደቡ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አውቃለሁ። ስትደርሱ መጀመሪያ በትንሿ አውቶቡስ አናካፕሪ ውጡ፣ ከዚያ በገመድ በሚሄደው የአንድ ሰው ወንበር 589 ሜትር ወደሆነው ተራራ፣ ሞንቴ ሶላሮ። ሰማያዊው ዋሻ የሚባለው ቦታ በትንሽ ጀልባ ተጋድማችሁ የምትገቡበት ነው፤ አፉ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ባሕሩ ትንሽ ካወከ ይዘጋል። እሱን ብቻ ብላችሁ አትሂዱ።

በደሴቷ ምሥራቅ ጫፍ ቪላ ዮቪስ የሚባል የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። የጢባርዮስ ቄሣር ነው። ሉቃስ ወንጌል ላይ ዮሐንስ መጥምቅ መስበክ የጀመረበትን ዓመት የምንቆጥርበት ጢባርዮስ። የመጨረሻ አሥር ዓመታቱን አብዛኛውን እዚህ ነበር። ጌታ በተሰቀለበት ዘመን ሮምን ይገዛ የነበረው ከዚህ ገደል ላይ ሆኖ ነው። ከከተማው አደባባይ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ዳገት ነው፣ ግን መንገዱ ጸጥ ያለ ነው።

እማዬን የወሰድኳት ግን ፕሮቺዳ ነው። አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ደሴት ናት። የ2022 የጣሊያን የባህል መዲና ተብላ ተመርጣ ነበር። ማሪና ኮሪቼላ የሚባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ላይ ቤቶቹ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሆነው ተደራርበው ቆመዋል። ሥራችሁ እዚያ መቀመጥ ነው። የሎሚ ሰላጣ እዘዙ፤ ነጩ የሎሚ ልጣጭ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በናናና በዘይት ይሰጧችኋል። ዋጋው ከካፕሪ ጋር አይወዳደርም። በፈጣን ጀልባ አርባ ደቂቃ ያህል ነው።

የእኛ ነገር ያለበት ውሎ፦ ፉኦሪግሮታና ፖዙዎሊ

ይህን ውሎ በተለመዱት መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። ከጋሪባልዲ በሜትሮ መስመር 2 ወደ ፖዙዎሊ አቅጣጫ ሂዱና መጀመሪያ ካምፒ ፍሌግሬይ ጣቢያ ውረዱ። ሰፈሩ ፉኦሪግሮታ ነው፤ የማራዶና ስታዲየምም እዚያው ነው። አጠገቡ ሞስትራ ዶልትሬማሬ የሚባል ሰፊ የኤግዚቢሽን ግቢ አለ። ሙሶሊኒ ቅኝ ግዛቱን ለማሳየት ያሠራው ነው። በሜይ 1940 ተከፈተ፤ በጁን ጣሊያን ጦርነት ገባችና ተዘጋ። ግቢው ውስጥ የጎንደሩ የአፄ ፋሲል መዋኛ ቅጂ ተሠርቶ እስካሁን አለ። አጠገቡ የወርቅ ኩብ የሚሉት፣ በወርቃማ ሞዛይክ የተለበጠ ሕንፃ ቆሟል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተዘርፎ ሲመጣም ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት ያረፈው ናፖሊ ወደብ ነው። በ2005 ተመለሰ። መዋኛው ግን ቅጂ ስለሆነ እዚያው ቀረ። ጥምቀትን ጎንደር ያከበረ ሰው ፊቱ ቆሞ የሚሰማውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሂዱና እዩት። ግቢው የኤግዚቢሽን ማዕከል ስለሆነ የሚከፈትበትን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ በዚያው መስመር ፖዙዎሊ። የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ምዕራፍ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ከመርከብ የወረደባትና ከወንድሞች ጋር ሰባት ቀን የተቀመጠባት ፑቲዮሉስ ይህች ናት። እማዬ ይህን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ወደቡ ቀጥ ብላ ሄደች። ዓሣ አጥማጆች መረብ እየጠገኑ ነበር። አጎንብሳ ውኃውን በጣቷ ነካችና ግንባሯን አማተበች።

ወደቡ አጠገብ ሦስት ረጃጅም የእብነ በረድ ዓምዶች ቆመዋል። ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ዓምዶቹ ተበሳስተዋል። የበሷቸው የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ናቸው። መሬቱ ሰምጦ ዓምዱ እስከዚያ ድረስ ባሕር ውስጥ ነበር፣ ኋላ ደግሞ ወጣ። ከሥር ያለው እሳተ ገሞራ ነው የሚያነሳውና የሚያወርደው። ከ1982 እስከ 1984 ብቻ መሬቱ 1.8 ሜትር ያህል ተነስቷል። አሁንም መንቀጥቀጥ ስለማያጣው ከመሄዳችሁ በፊት ዜናውን እዩ።

የመጨረሻው ውሎ፦ አማልፊ፣ በሳሌርኖ በኩል

ሁሉም በሶሬንቶ በኩል በአውቶቡስ ይሄዳል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሆድ ያገለብጣል። እናንተ በባቡር ሳሌርኖ ሂዱ፤ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ከጣቢያው ትንሽ ተራምዳችሁ ፒያሳ ዴላ ኮንኮርዲያ ከሚባለው ቦታ ጀልባ ትይዛላችሁ። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል አማልፊ ናችሁ፣ ገደሉንም ከባሕር በኩል ታዩታላችሁ። ጀልባዎቹ በሙቀቱ ወራት ነው የሚሠሩት።

አማልፊ ካቴድራል 62 ደረጃ አለው። ከሥሩ ባለው ቤት የቅዱስ እንድርያስ ሐዋርያ አፅም አለ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከቁስጥንጥንያ የመጣ። ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ፤ ነጠላ ከያዛችሁ ሌላ አያስፈልግም። ብርታት ካላችሁ በአውቶቡስ ራቬሎ ውጡና ባሕሩን ከላይ እዩት። 

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳሌርኖ ስትመለሱ ወዲያው ባቡር አትሳፈሩ። በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ የሳሌርኖን ካቴድራል ግቡ። ከሥሩ የቅዱስ ማቴዎስ ወንጌላዊ መቃብር አለ። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስ ኢትዮጵያ ሄዶ ሰብኮ እዚያው ተሠዋ ይላል። እማዬ ይህን ስትሰማ "ታዲያ ከእኛ ዘንድ ነዋ የመጣው" አለችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ የባቡሩን ሰዓት አየሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላም ወደ ናፖሊ ባቡር ነበር።